የጭቃ ውሃው ደብዳቤ

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ይሄን ቀድሜ የምናገረው፣ «ይቺ ደግሞ ስለ ባክቴሪያ ምን አግብቷት ነው?» የሚል ስለማይጠፋ ነው። እውነት ነው፣ አያገባኝም። የእኔ ሥራ ማህተም፣ ፓድ፣ የገቢ መዝገብና የወጪ መዝገብ ነው። ግን በዚህ የምርምር ተቋም ውስጥ አንድ ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ወዴትም አይሄድም። ስለ እትዬ ክዳን የምነግራችሁም የሰው ወሬ ለቃቅሜ አይደለም። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹ ላይ ደግሞ በገዛ እጄ ማህተም መትቻለሁ። አንጀቴን የሚያሳርረኝም ይሄኛው ነው።

እትዬ ክዳን የወላጆቿ ስም አይደለም። ያኛው ስም ፋይሏ ላይ አለ፣ ማንም ግን በሱ አይጠራትም። ላቦራቶሪ ውስጥ «ክዳኑን!» ስትል ነው የምትውለው። አንዱ ጠርሙስ ከፍቶ ወሬ ከጀመረ «ክዳኑን!» ትላለች። ሌላው ቱቦ ይዞ መስኮት መስኮት ካየ «ክዳኑን!» ትላለች። ትናንት የተቀጠረ ይሁን ፕሮፌሰር፣ አትመርጥም። ሻይ ክበብ እንኳ አብረን ስንቀመጥ የስኳሩን ዕቃ ከፍቼ ከረሳሁት ዓይኗ እዚያ ላይ ይቀራል፣ የምነግራት ነገር አይገባትም። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ስትሰማ «ከዚህ የባሰ ልታወጡልኝ ትችሉ ነበር» አለች፣ በቃ፣ አለቀ።

ይሄ ሁሉ የክዳን ጣጣ ያለ ምክንያት አይደለም። እሷ የምታሳድጋቸው ባክቴሪያዎች አየር የሚገድላቸው ናቸው። እኔና እናንተ ያለ አየር አንኖርም፣ እነሱ ደግሞ አየር ካገኛቸው ያበቃላቸዋል። ስለዚህ ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ግድግዳው ወፍራም ላስቲክ የሆነ፣ ውስጡን የሚያሳይ ድንኳን አላቸው። ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ውስጡን ይሞላዋል፣ አየር ዝር አይልም። ከፊት ለፊቱ እስከ ትከሻ የሚደርሱ ሁለት ጥቁር የላስቲክ ጓንቶች ወደ ውስጥ ተሰፍተውበታል። እትዬ ክዳን እጆቿን እዚያ ውስጥ ትከትና ከጠዋት እስከ ምሳ ትሠራለች። አፍንጫዋን ቢበላት አታከውም። አየር ሾልኮ ከገባ የሚናገር ቀለም ፈሳሹ ውስጥ አለ። ፈሳሹ አየር ከሌለበት ቀለም የለውም፣ አየር ከነካው ሮዝ ይሆናል። ለሌላ ሰው ሮዝ የሚያምር ቀለም ነው፣ እሷ ግን ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ቀልዴን አይደለም።

ወደዚህ ተቋም የገባችው ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ጠርሙስ እያጠበች የማታ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ከዚያ ረዳት ቴክኒሺያን፣ ከዚያ ቴክኒሺያን ተባለች። ዲግሪ የላትም። እጅ ግን አላት። አሥር ዶክተር ሞክሮ የገደለውን ባክቴሪያ ለእሷ ስትሰጧት ይነሳል። ፋይሏን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ቀጭን ፋይል ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ ሁለት የእድገት ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ፣ በቃ። አንዲት የወቀሳ መስመር አልነበረችበትም። እሷም ታውቃለች፣ ትኮራበታለች። «እንደ ገባሁ ንፁህ ሆኜ ነው የምወጣው» ትለኝ ነበር። ጡረታዋ ሊደርስ ዓመትም አልቀረውም ነበር።

ቤቷ ያለችው ታላቅ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ በእግር የሚረገጥ መኪና አላት። ከሦስት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ፣ ሐኪም ቤት ተኛች፣ ቁስሉ አመረቀዘ። አንድ መድኃኒት ሰጧት፣ እምቢ አለ። ሌላ ሰጧት፣ እሱም እምቢ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ጀርሙ መድኃኒቱን ሁሉ ለምዶታል፣ የቀረን የለም» አለና እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጧት። አሁን መኪናዋን በአንድ እግሯ ትረግጣለች። ምላሷን ግን ማንም አልቆረጠውም። «የአንድ እግር ጫማ በግማሽ ዋጋ አይሸጡልኝም፣ ሌቦች!» እያለች ሰው ታስቃለች። እትዬ ክዳን አብራ ትስቃለች። ያ የሐኪም ቤት ጀርም ዓይነቱ እኛም ተቋም አለ፣ ለሙከራ ይቀመጣል። እሷ ስሙን ጠርታ አታውቅም። «ጠላቴ» ነው የምትለው።

እንግዲህ የእነ እትዬ ክዳን ክፍል ሥራ ይሄን ጠላት የሚገድል ነገር መፈለግ ነው። መድኃኒት የሚሆኑ ብዙ ነገሮች ከባክቴሪያ ነው የሚገኙት አሉ፣ ባክቴሪያ ጎረቤቱን ለመግደል የሚሠራው መርዝ ለእኛ መድኃኒት ይሆናል። አየር ወዳዶቹን ሁሉም ፈትሿቸዋል፣ አየር ጠሎቹን ግን ለማሳደግ ስለሚያስቸግሩ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እትዬ ክዳን ከተዘጋው ቆዳ ፋብሪካ ጀርባ ካለው ኩሬ ጭቃ አመጣች። ሽታውን ልንገራችሁ? አልነግራችሁም። ከዚያ ጭቃ ውስጥ አንዱን ባክቴሪያ ለይታ አወጣች። ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የምግብ አሠራር መሠረት መገበችው። አደገ፣ ወፈረ፣ ምንም አልሠራም። እንደ አንዳንድ አለቃ በሉት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «ይሄ ፍጥረት አኩርፎ ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«ባክቴሪያው ነዋ። ንፁህ ምግብ አቀረብንለት፣ ንፁህ ውሃ ሰጠነው፣ ማንም አይነካውም። ምን ብሎ መርዝ ይሠራል? መርዝ የሚሠራው ሰፈሩ እንዳለ ሲመስለው ነው። ሰፈሩን ላምጣለት።»

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ምን ልበል። «አምጪለት» አልኳት።

ከኩሬው ጭቃ በጀሪካን ቀድታ መጣች። ጭቃውን በውሃ በጠበጠችው፣ አፈላችው፣ ደጋግማ አጠለለችው፣ በእንፋሎት ማሽኑ ምንም ሕይወት እንዳይቀርበት አደረገችው። የቀረው እንደ ቀጭን ሻይ ያለ ቡናማ ውሃ ነው። ከምግቡ ጋር በልክ ቀላቀለችውና ለባክቴሪያው ሰጠችው። እያንዳንዱን ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ስንት እንደጨመረች፣ መቼ እንደጨመረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። «ጨምሪ» ያላት ሰው የለም። «እስቲ እንዲህ ብታደርጊ» ያላት የለም። ከራሷ ጭንቅላት ነው የወጣው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መዝገብ ቤት በሩን በርግዳ ገባች። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ቀለበት አሰርኩ!» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሴትዮዋ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አግብታ አታውቅም። «ማንን?» አልኩ።

እየጎተተች ወሰደችኝ። ፕሌት የሚሉት ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን አለ፣ ጠላቷ እላዩ ላይ እንደ ጉም ተነጥፎበታል። መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ወረቀት ተቀምጣለች፣ ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ ውስጥ የተነከረች ናት። በወረቀቷ ዙሪያ ጉሙ የለም። ጥርት ያለ ቀለበት። እዚያ ድረስ የነበረው ጀርም በሙሉ ሞቷል። ከጎኑ ሌላ ፕሌት አለ፣ እሱ ላይ ያለችው ወረቀት የጭቃው ውሃ ውስጥ ብቻ የተነከረች ናት፣ ምንም ቀለበት የለም። «ጭቃው አይደለም የገደለው» አለችኝ ጣቷን እያወዛወዘች። «እሱ ነው። የኔ ልጅ ነው የገደለው!» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ።

የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ ደስ አለው። ስለዚህ ሰውዬ ስናገር አንቱ ማለት ነበረብኝ፣ አፌ አልታዘዝልሽ ብሎኛል። ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፣ እሷን ግን ከገባ ጀምሮ «አንቺ» ነው የሚላት። ጋዋኑ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፣ ጓንት ውስጥ እጁን ከትቶ ያየው ሰው የለም። ውጤቱን ሲያይ በክፍሉ ላለችው ወጣት ዶክተር «ድገሚው፣ ግድግዳ ላይ ባለው አሠራር» ብሎ አዘዛት። ወጣቷ ዶክተር ጎበዝ ናት፣ የተባለችውን ታደርጋለች። በተለጠፈው አሠራር ደገመችው። የጭቃ ውሃ የለበትም፣ ቀለበትም የለም። ሁለተኛ ደገመችው፣ የለም። ሦስተኛ፣ የለም።

ያን ዕለት ለፊርማ ወረቀት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። እትዬ ክዳንን አስጠራት።

«ምን ጨምረሽበት ነው?»

«የኩሬውን ጭቃ ውሃ። አፍልቼ፣ አጥልዬ። ደብተሩ ላይ አለ።»

«የምን ጭቃ?»

«የመጣበትን ጭቃ ነዋ፣ ጌታዬ።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «የቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻ እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ? የፋብሪካው ኬሚካል እኮ ነው ጀርሙን የገደለው! አንቺ የሳይንስ ሀሁ የማታውቂ ሴትዮ ክፍሉን መሳቂያ ልታደርጊው?»

እስቲ ፍረዱ። የኬሚካሉ ጥርጣሬ ጥፋት አይደለም፣ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ግን ሴትዮዋ ፈትሻዋለች! የጭቃው ውሃ ብቻውን እንደማይገድል በዓይኔ በብረቴ አይቻለሁ። «ገጽ አርባ አንድ ይመልከቱልኝ» አለችው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ክንዱ ሥር ነበር። ሰው ለመግለጥ ስንት ጉልበት ይፈልጋል? አልገለጠም። እኔም ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው መጣ። በአንድ ዋና እና በሁለት ግልባጭ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። አንድ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ አንዱ ወደ ፋይሏ። ስትመጣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። የመረከቢያ መዝገቡን ገፋ አደረግኩላት፣ ፈረመች። ደብዳቤውን አላነበበችውም። ርዕሱን ብቻ፣ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» የሚለውን አየችና አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አታነቢውም?» አልኳት።

«ስድብ አንብቤ ምን ላደርግ?» አለች። «ንፁህ ወጣሁ ልል ነበር፣ አይደል?»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፣ ያ ነው የባሰብኝ። ቤቷም ስትገባ ለእህቷ ምንም አልተናገረችም። ደብዳቤውን ቁም ሳጥን ሥር፣ አሮጌ ጫማ ውስጥ ቀበረችው። እህቷ ግን የዋዛ አይደለችም። በሁለተኛው ሳምንት እኔን አስጠርታ «ምን ሆና ነው? ክዳን ክፍት አይታ ዝም አለች እኮ!» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደሰበራት የገባኝ።

ወደ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል መለሷት። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ወደ መጣችበት! ድንኳኑን እንዳትነካ ተባለች። የሲሊንደሩ ጋዝ ሲያልቅ አይተካም፣ ያሉት ባክቴሪያዎች ይወገዱ ተባለ። የጋዙን ልክ የሚያሳየው መርፌ በየቀኑ ዝቅ ይል ነበር። እሷ ጠርሙስ ለመሰብሰብ እያለች በበሩ በኩል መርፌውን አይታ ትመለሳለች። እኔን «ዘጠኝ ቀን ቀረው» ትለኛለች። ከዚያ «ሰባት» ትለኛለች። ባክቴሪያው ሞቶ ቢሆን ኖሮ እሷ ለዘላለም ቆሻሻ ጨምራ ውጤት ያበላሸች ሴትዮ ሆና ትቀር ነበር። ቃሏን ሊመሰክርላት የሚችለው ያ ፍጥረት ብቻ ነበር።

አምስት ቀን ሲቀረው ወጣቷ ዶክተር ማጠቢያ ክፍል መጣች። ደብተሩን በጋዋኗ ሥር ደብቃ ነበር። እትዬ ክዳን እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«እትዬ፣ ገጽ አርባ አንድን አነበብኩት» አለች ልጅቷ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ከጭቃው ውሃ ስንት ነው የምጨምረው?»

እትዬ ክዳን እጇን በጋዋኗ ጠረገች፣ ከማጠቢያው ሥር አንድ ጀሪካን አወጣች። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል። ቀን ተጽፎበታል። «በቅድሚያ ይሄ ይፈላል» አለች። «ከዚያ የምልሽን ትጽፊያለሽ። አንዲት ነገር ከራስሽ ብትጨምሪ ጠርሙስ ነው የማስበላሽ።»

ልጅቷ ሠራችው። ጋዙ እንዳያልቅ ከሌላ ክፍል ሲሊንደር ለምና አመጣች፣ እግዜር ይስጣት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ፕሌት ላይ ሦስት ወረቀት አስቀመጠች። አንደኛዋ የጭቃ ውሃ ብቻ፣ ሁለተኛዋ ያለ ጭቃ ያደገው ባክቴሪያ ፈሳሽ፣ ሦስተኛዋ በጭቃ ውሃ ያደገው። በማግስቱ ሁለቱ ወረቀቶች ዙሪያ ጉሙ እንደተነጠፈ ነው። በሦስተኛዋ ዙሪያ ያው የጠራ ቀለበት። ከበፊቱም ይሰፋል። ልጅቷ አምስት ጊዜ ደገመችው፣ አምስቱንም ጊዜ ሠራ።

ኃላፊው ፕሌቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «እኔ ከመጀመሪያውም የተፈጥሮ አካባቢያቸውን መመለስ አለብን የሚል ሐሳብ ነበረኝ» አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ሰው በሞላበት ስብሰባ! ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ደብተሩን «ለጥንቃቄ» ብሎ ወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ያየ የለም። «ቢሮ ሲቀየር ጠፍቶ ይሆናል» ይላል። ውሃ የማያነሳ ምክንያት። ቢሮ ሲቀየር የእሱ ፎቶግራፍ አልጠፋም፣ የእሱ ሰርተፊኬት አልጠፋም፣ የእሷ ደብተር ብቻ እግር አወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በወረቀት ነው የተከታተልኩት፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋላ። ለሳይንስ ስብሰባ የተላከው ጽሑፍ «በክፍሉ ኃላፊ የተቀየሰ አዲስ የማሳደጊያ ዘዴ» ይላል። የጭቃ ውሃ የሚለውም ቀርቷል፣ «የተፈጥሮ ምጥን» ሆኗል። እትዬ ክዳንን ወደ ድንኳኑ መለሷት፣ ያለ እሷ እጅ ባክቴሪያው አላድግ ስላላቸው ነው። ይቅርታ ያላት የለም። እሷም ስለ ስሟ አንድ ቀንም አላነሳችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይሏ እንዲወጣላት። ሦስት ጊዜ አመለከተች። ሦስቱንም «አንድ ጊዜ ፋይል የገባ ደብዳቤ አይወጣም» ተብላ ተመለሰች። መልሱን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ጠዋት አንድ ወፍራም ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። የፈጠራ መብት ማመልከቻ ነው። ለወጪ ቁጥር ስሰጠው አነበብኩት፣ ማንበብ ሥራዬ ነው። «ዘዴው ሙሉ በሙሉ በክፍሉ ኃላፊ ታስቦ፣ በእሳቸው ትእዛዝ የተተገበረ መሆኑን፣ ይህን የሚቃረን ሰነድም በተቋሙ አለመኖሩን አረጋግጣለሁ» ይላል። ፊርማው የእሱ ነው። ደሜ ፈላ። ግን ምን ላደርግ? ደብተሩ የለም። የጠዋቱ መልእክተኛ ስለሄደ ፖስታውን ለነገ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኃላፊው ራሱ መጣ። እግሩ መዝገብ ቤት ረግጦ አያውቅም። እትዬ ክዳንን ከኋላው አስከትሏታል፣ በሩን ከፍቶ አሳልፏታል።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አላት። «ጥያቄዎን አስቤበታለሁ። ማስጠንቀቂያው ዛሬውኑ ይውጣልዎት። ይሄን ያህል ዓመት አገልግለው በንፁህ ፋይል መውጣት ይገባዎታል።»

አለዎት። ይውጣልዎት። ከገባ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰውዬ! ያን ጊዜ ጠረጠርኩ።

ወደ እኔ ዞረና «ከፋይሉም፣ ከሰው ሀብትም ግልባጩን ሰብስቢ። የወጪ መዝገቡም ላይ ቁጥሩን ሰርዢው» አለኝ። ለእሷም «እርስዎ ጋ ያለውን ዋናውን ነገ ያምጡልኝ፣ አብረን እንቅደደው» አላት እየሳቀ።

እትዬ ክዳን ዓይኗ እንባ ሞላ። እውነቷን ነው፣ የፈለገችው ይሄንኑ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። እኔ ደግሞ ፋይሉን አውጥቼ ደብዳቤው ጋ ደርሼ ነበር። እጄ ቆመ። ከመታሁት ቀን ጀምሮ እኔም ዳግም አላነበብኩትም ነበር፣ በኀፍረት።

«እትዬ፣ ቆዪ» አልኳት። «አንቺ ይሄን ደብዳቤ አንብበሽው አታውቂም።»

«ምን ያስነብባታል?» አለ እሱ ቶሎ ብሎ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «እርስዎ ከማንም የበላይ ኃላፊ ፈቃድም ሆነ ትእዛዝ ሳይሰጥዎ፣ በራስዎ ሐሳብና ውሳኔ ብቻ፣ ከኩሬ የመጣ የጭቃ ውሃ አፍልተውና አጥልለው በባክቴሪያ ማሳደጊያው ውስጥ በመጨመር፣ ክፍሉ የማያውቀውንና የማይቀበለውን ዘዴ መጠቀምዎን በቃልዎ ስላመኑ…» ቀን አለው። ቁጥር አለው። ማህተም አለው። ከሥሩ የእሱ ፊርማ፣ ከነሙሉ ማዕረጉ። ከዚያ ትሪው ላይ ያለውን ማመልከቻ አነሳሁና «በእሳቸው ትእዛዝ» የሚለውን መስመር አነበብኩ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እትዬ ክዳን እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደች። ራሷ ደግማ አነበበችው፣ በጣቷ እየተከተለች። በራስዎ ሐሳብና ውሳኔ ብቻ። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄን ሁሉ ወር ጫማ ውስጥ ቀብሬው!» አለች ቀስ ብላ።

«ስድብ እኮ ነው» አለ ኃላፊው። አመዱ ቡን ብሏል። «ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ ይውጣልዎት፣ ያዋርድዎታል።»

«አይውጣ» አለች። «ሦስት ጊዜ ለምኜ አይወጣም ተብያለሁ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው፣ ጌታዬ። ይቀመጥ።» ወደ እኔ ዞረች። «ማህተም ያለበት ቅጂ ስጪኝ። ማመልከቻም እጽፋለሁ፣ ቁጥር ስጪልኝ።»

እዚያው ቆማ ጻፈችው፣ አምስት መስመር። ገቢ አድርጌ መዘገብኩት። በሥራችን ደንብ አንድን ወጪ ደብዳቤ የሚቃወም ማመልከቻ ከገባ ሁለቱ ተያይዘው ለበላይ ይቀርባሉ፣ ከነማስረጃቸው። ቅጂውን አያያዝኩ። በሕይወቴ ማህተም እንደዚያ መትቼ አላውቅም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ዘለለ። ኃላፊው የማህተሙ ፓድ ላይ አፍጥጦ እንደ ጅብራ ተገትሯል። እትዬ ክዳን ልትወጣ ስትል ፓዱን አየችው፣ ተከፍቶ ነበር።

«ክዳኑን!» አለችው።

ዘጋው። በሁለት እጁ።

የተቋሙ ዳይሬክተር የፈጠራ መብት ማመልከቻውን መልሶ «አስተካክሉ» አለ፣ ስሟም ገባ። ግን ሦስተኛ! ከእሱና ከወጣቷ ዶክተር በኋላ፣ ሦስተኛ! ልጅቷ «እኔ ልውረድ» ብትል «ቅደም ተከተሉ በማዕረግ ነው» አሏት። እትዬ ክዳን ማስጠንቀቂያው ፋይሏ ውስጥ እንዳለ ጡረታ ወጣች። ዋናውን ከጫማው አውጥታ ለእህቷ ሰጠቻት፣ እህቷም መስታወት ባለው ክፈፍ አስገባችው፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ በላይ ሰቅላዋለች። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ «የምን ሰርተፊኬት ነው?» ይላል። እሷ መኪናዋን በአንድ እግሯ እየረገጠች «አንብበዋ፣ ዓይን የለህም?» ትለዋለች።

ለእሱ ግን እስከ ዛሬ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈለት የለም። ማህተሙ እኔ ጋ ነው። ፓዱን ቀለም ሞልቼ እየጠበቅኩ ነው።